በአንቀጽ 17 ላይ የተቀመጡት ሁለት የግሪክ ፊደላት

የውጫሌን ውል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አንቀጽ 17ንም እንዲሁ። በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የተባለው በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ እንደተወሰደ፣ ነገሩም ወደ ዐድዋ እንዳደረሰን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። ለዛሬ ግን ቃሉን ለጊዜው እናቆየውና ቁጥሩን እንመልከት።

17 በግእዝ ቁጥር ሲጻፍ ፲፯ ነው። ፲ መነሻው «ዮታ» የተባለው የግሪክ ፊደል ነው። ፯ ደግሞ «ዜታ» ነው። አንድ የጥንት ግሪካዊ ጸሐፊ 17 ብሎ መጻፍ ቢፈልግ የሚያስቀምጠው እነዚህኑ ሁለት ፊደላት፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር። ስለዚህ አንቀጽ ፲፯ ብለን በጻፍን ቁጥር በአማርኛ ሰነዳችን ውስጥ ሁለት የግሪክ ፊደላት እያስቀመጥን ነው። ማንም ግን አይታወቀውም፤ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። የባዕድ ፊደል ወደ ሰነዳችን ገብቶ ከ1,600 ዓመት በላይ በሰላም ኖሯል። የባዕድ ፊደል ከእኛው ጎን በአንድ ውል ላይ ተቀምጦ ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ ጦርነት አምጥቷል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

፩. ግሪክ ወደ እኛ እንዴት ገባ?

አክሱም ከግሪክ ጋር የተዋወቀችው በንግድ ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ፣ በአካባቢው ይገዛ የነበረው ንጉሥ ዞስካሌስ የግሪክን ጽሕፈት የተማረ መሆኑን ይመሰክራል። የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ገንዘባቸውን በግሪክኛ ጽሑፍ ያስቀርጹ ነበር። ወርቁ ባሕር ማዶ ይሻገራል፤ የሚቀበለው ነጋዴም ማንበብ አለበት።

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና አንዱን የድል ታሪክ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት አስቀረጸ፦ በግሪክኛ፣ በግእዝ ፊደልና በሳባ ፊደል። ድንጋዩ ዛሬም አክሱም ቆሟል። ልብ በሉ፣ ሦስቱንም ያስቀረጸው አንድ መንግሥት ነው። ግሪክኛው ከግእዙ የተለየ ነገር ቢል የሚያውቅ ሰው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ቁጥሩ የገባው በዚሁ ዘመን ነው። ግሪኮች ለቁጥር የተለየ ምልክት አልነበራቸውም፤ ፊደላቸውን በተራ ይቆጥሩበት ነበር። አልፋ 1፣ ቤታ 2፣ ጋማ 3 እያሉ። ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፫ ከጋማ፣ ፬ ከዴልታ መጣ። ፳ ካፓ ነው፣ ፴ ላምዳ፣ ፻ ደግሞ ሮ።

«የለም፣ ቁጥሩ የራሳችን ነው» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለዚህ ክርክር መልስ የሚሰጡት ፮ እና ፺ ናቸው። ግሪኮች ከንባብ ፊደላቸው አውጥተው ለቁጥር ብቻ ያስቀሯቸው አሮጌ ምልክቶች ነበሩ። ለ6 እና ለ90 የሚጠቀሙባቸው ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። የግእዝ ቁጥርም በእነዚሁ ቦታዎች የእነዚያኑ ምልክቶች ዘር ይዟል። ተራው ራሱ የመጣበትን ይናገራል።

ይህ ግን የሚያሳፍር አይደለም። አውሮፓውያንም 1፣ 2፣ 3 የሚሉትን ከሕንድ የተነሣ፣ በዐረቦች በኩል የደረሳቸው ነው። አባቶቻችን ደግሞ እንዳለ አልተቀበሉም። ግሪኮች 200፣ 300፣ 400 እያሉ ለእያንዳንዱ መቶ የተለየ ፊደል ሲያቆሙ፣ የእኛዎቹ ፻ ላይ አቁመው ማባዛት ጀመሩ። 200 ለማለት ፪፻፣ 1,800 ለማለት ፲፰፻፣ 10,000 ለማለት ሁለት ፻ አጣምረው ፼። የውሉ ዓመት 1881 ዓ.ም. ፲፰፻፹፩ ተብሎ ሲጻፍ ፊደሉ የግሪክ፣ አሠራሩ ግን የአበሻ ነው። ያነበበ፣ የገባውና የለወጠ ሰው የሠራው ሥራ ነው።

፪. ማንበብ የማይችል ለቃሚ

አሁን ነገሩን እንገልብጠው። የእኛ ፊደል በእነሱ ሰነድ ውስጥ ሲገባስ?

የኮሎኙ ካህን ዮሐንስ ፖትከን ሮም ውስጥ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲጸልዩ ሰማ። ከእነሱ ተምሮ በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። በእርሳስ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ይህ ነው። ቋንቋውን ግን «ከለዳውኛ» ብሎ ሰየመው። በ1518 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮሎኝ ላይ ዕብራይስጥ፣ ግሪክ፣ ግእዝና ላቲን ጎን ለጎን የቆሙበት መዝሙረ ዳዊት አወጣ። ግእዙ እዚያም «ከለዳውኛ» ነው የተባለው። ፊደሉ በትክክል ተቀርጾ፣ ስሙ የሌላ ሕዝብ ሆኖ ታተመ።

ከ30 ዓመት በኋላ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቹ ጋር ሮም ላይ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ፤ ሥራው በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. ወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ ለአንባቢ ያስቀመጠው ይቅርታ ለዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ነው። ስሕተቱን አትፍረዱብን ይላል፤ ፊደሉን የለቀሙት ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ፊደል መልቀም አናውቅም። የሁለት ፊደል ችግር በሙሉ በዚህች ቃል ውስጥ አለ። አንዱ እጅ አለው፣ ሌላው ዓይን አለው፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አልተገናኙም።

የተገናኙት ጀርመን አገር፣ ጎታ ላይ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበር፤ አገሩ ቤተ አምሐራ፣ የዛሬው ወሎ። ሂዮብ ሉዶልፍን ሮም ላይ በ1649 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ በ1652 እ.ኤ.አ. ጎታ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዶ አብሮት ተቀመጠ። አንዱ ላቲን ያውቃል፣ ሌላው ግእዝና አማርኛ። ከዚያ ወንበር የግእዝ ሰዋስው፣ መዝገበ ቃላት፣ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በኋላም በ1698 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ የታተሙት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ወጡ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን ሳያይ በ1658 እ.ኤ.አ. እስክንድሮና አጠገብ መርከብ ተሰብሮበት ሞቷል። ሉዶልፍም ቢሆን የግእዙ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በ1661 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በሌላ ሰው ተቆጣጣሪነት ሲታተም ባየው ነገር ስላልረካ፣ ከዓመታት በኋላ አርሞ እንደገና አሳትሞታል። ሥራው የሚያምረው ሁለቱን የሚያነብ ሰው አጠገቡ ሲቆም ብቻ ነበር።

፫. ውጫሌ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ምኒልክና የኢጣልያው ወኪል ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ውሉን የተፈራረሙት አምባሰል ውስጥ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ ሲሄዱ ውጫሌ ከተማ አለች፤ በአካባቢዋ ያለው ይስማ ንጉሥም የውሉ ቦታ ሆኖ ይታወሳል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለአውሮፓ አማርኛ ማንበብ ያስተማረው መነኩሴ ከዚሁ ከወሎ ምድር የወጣ ነበር።

ውሉ 20 አንቀጽ አለው። ሁላችንም 17ን እናነሣለን፤ 19ን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። አንቀጽ 19 ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ መጻፉን፣ ሁለቱ ፍጹም መስማማታቸውን፣ ሁለቱም እኩል የታመኑ መሆናቸውን ይናገራል። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ እኩልነት አይገኝም። ችግሩ ወረቀቱ እኩል ቢልም አንባቢው እኩል አለመሆኑ ነው። በጥቅምት 1889 እ.ኤ.አ. ኢጣልያ ለአውሮፓ መንግሥታት አንቀጽ 17ን ስታስታውቅ ያስታወቀችው በራሷ ቋንቋ የቆመውን ትርጉም ነው። የአማርኛ መዝገበ ቃላት አውሮፓ ውስጥ ከታተመ 191 ዓመት ሆኖት ነበር። የካርታ ሠሪዎቹ ቀለም ግን በጣልያንኛው ሄደ፤ ኢትዮጵያ የኢጣልያ ጥገኛ ተደርጋ ተሳለች።

ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በቀጥታ ሲጻጻፉ በመጣው መልስ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ግን እንመርምር። መጀመሪያ ወደ አማርኛው ጽሑፍ ተመለሱ፤ የተስማማሁት ይህንን ነው አሉ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማያድሱት አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ሆነ። በመጨረሻም ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ውል የውጫሌው ፈረሰ፣ የኢትዮጵያ ሙሉ ነጻነት ታወቀ። ይህ ሁለተኛው ውል የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። ጣልያንኛ አልገባም። ድል ያደረገው ወገን መጀመሪያ ካስተካከለው ነገር አንዱ የሰነዱ ቋንቋ ነበር። ቀኑም፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ ፲፯ ነው።

፬. ከእርሳስ ወደ ኮምፒውተር

«ይህ ሁሉ የጥንት ነው» ለሚል፣ ዛሬም በየቢሮው ያለ ምሳሌ ልስጥ። በእንግሊዝኛ ሰነድ ውስጥ የግሪክ ፊደል ለማስገባት ለረጅም ጊዜ የተለመደው ዘዴ «ሲምቦል» የተባለውን ፎንት መጠቀም ነበር። ላቲኑን a ስትመታ አልፋ ሆኖ ይታያል። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው a መሆኑን ብቻ ነው። ፎንቱ ወደሌለበት ማሽን ሲሄድ ግሪኩ ይጠፋና a ይቀራል። ማይክሮግራም የሚጻፈው «ሙ» በሚባለው የግሪክ ፊደል ነው። በዚህ ዘዴ «ሙ» ወደ m ከተለወጠ ማይክሮግራሙ ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው፤ የመድኃኒቱ መጠን በሺህ እጥፍ ተባዛ። በእጅ ጽሑፍም ሁለቱ ስለሚምታቱ የመድኃኒት ደኅንነት ባለሞያዎች በማዘዣ ላይ የግሪኩን ፊደል ትታችሁ በላቲን ፊደል አሳጥራችሁ ጻፉ እያሉ ይመክራሉ።

ይህ በሽታ እኛንም አሳምሞናል። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነበር። አንዱ ቢሮ በአንዱ ፎንት የጻፈው ደብዳቤ ሌላው ቢሮ ሲደርስ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይከፈት ነበር። መፍትሔ የተገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. የግእዝ ፊደል ከነቁጥሩ በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ የራሱን ቦታ ሲያገኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ፯ የራሱ መለያ አለው፣ ዜታም የራሱ። የአንድ ዘር ልጆች ናቸው፤ ማሽኑ ግን አያምታታቸውም።

፭. ታዲያ ዛሬስ?

ከውጫሌ የተማርነውን በሕግ ደረጃ ጽፈነዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የአማርኛው ያሸንፋል። ይህ የውጫሌ አንቀጽ 19 ፍጹም ተቃራኒ ነው። እኩል ናቸው ብለን አንታለልም፤ አንዱ የበላይ ነው ብለን ወስነናል።

ግን አንድ ያልጨረስነው ሥራ አለ። የበላይ ነው የምንለው አማርኛ ስንት ጊዜ የተረቀቀው በሌላ ቋንቋ ነው? የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ነበር። የሕግ ሰዎቻችን የአማርኛው፣ የእንግሊዝኛውና የፈረንሳይኛው ቃል የሚለያይባቸውን ቦታዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩባቸዋል። የብድር ስምምነቶቻችን በአብዛኛው የሚረቀቁት በእንግሊዝኛ ነው። የማጽደቂያው አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ቆሞ እናያለን፤ ገንዘቡ፣ ወለዱና ግዴታው በዝርዝር ያለበት ስምምነት ግን በቀኙ ቋንቋ ነው የተጻፈው። ከግራው ወደ ቀኙ እየተመላለሰ፣ ቃል በቃል እያመሳከረ ያነበበው ማነው? ሥራውስ ስምና ደመወዝ ያለው ሥራ ነው ወይስ በመጨረሻው ሰዓት ለአንድ ጸሐፊ የሚወረወር?

የታሪካችን ሚዛን ይህ ነው። ግሪኩ ያልጎዳን ዒዛና ቤት ሁለቱን የሚያነብ ስለነበረ ነው። የአባ ጎርጎርዮስ ሥራ የጸናው ሁለት አንባቢዎች በአንድ ወንበር ስለተቀመጡ ነው። ውጫሌ የከፋው አንደኛውን ዓምድ ብቻ የሚያነብ ዓለም ፊት ሁለት ዓምድ ስለቆመ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሁለት ቋንቋ ያለው አዋጅ፣ ውልና ብድር ከመጽደቁ በፊት ሁለቱን ቅጂዎች አመሳክሮ በስሙ የሚፈርም ባለሞያ ይኑረው። የምክር ቤት አባላትም እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት የዚያን ሰው ፊርማ ይጠይቁ። ለዚህ የሚወጣው ወጪ የአንድ ሰው ደመወዝ ነው። ካልወጣ ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ከ፲፯ በላይ የሚመሰክር የለም።