«ባክቴሪያ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ምንስ ማለት ነው?



በለቅሶ ድንኳንም ሆነ በየቤታችን ጨዋታው ስለ ሕመም የሆነ እንደሆን «ባክቴሪያ» ሳይባል አይቀርም። አንዱ «ጨጓራዬ ላይ ባክቴሪያ ተገኘብኝ» ይላል። ሌላው ጉንፋን ሲይዘው «ያው ባክቴሪያ ነው፤ ካፕሱል ብውጥበት ይለቀኛል» ይላል። ቃሉ አንድ ቢሆንም የፊተኛው ልክ ሊሆን ይችላል፤ የኋለኛው ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱም ሰውን የሚጎዳ ስለሆነ የቃሉን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ ወደድን።

እነዚህን ፍጥረታት መጀመሪያ ያየው ሐኪም አልነበረም። በሆላንድ አገር፣ በዴልፍት ከተማ የሚኖር አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ነው። በገዛ እጁ በሠራው ሌንስ ውኃ ሲመረምር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ማየቱን እ.ኤ.አ. በ1676 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። «ትንንሽ እንስሳት» ከማለት በቀር ግን የተለየ ስም አላወጣላቸውም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህንን ስም ያወጣው ግን ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ይህ ሰው ወደ እኛም አካባቢ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ ከወዳጁ ከቪልሄልም ሄምፕሪሽ ጋር ግብፅንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲያስሱ ቆይተው በ1825 ምጽዋ ገቡ። እዚያ ሄምፕሪሽን ትኩሳት ያዘውና ሞተ። ኤረንበርግም ወዳጁን በሰው አገር ቀብሮ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ትኩሳት ከምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1828፣ ይኸው ሰው በማይክሮስኮፕ ያያቸውን ቀጫጭን ፍጥረታት «ባክቴሪየም» አላቸው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ፍችው «ትንሽ በትር» ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ሲወጣ መልካቸውን ብቻ የሚገልጽ ነበር፤ የበሽታ ነገር አልነበረበትም።

ከበሽታ ጋር የተቆራኘው ቆይቶ ነው። ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳምባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ባክቴሪያ ሲባል ሁሉም ገዳይ ይመስለን ጀመር። ነገር ግን ወተታችንን እርጎ የሚያደርጉት፣ የእንጀራ ሊጣችንንም የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። «ባክቴሪያ ሁሉ ይጥፋ» ያለ ሰው እንጀራውንም ይሰናበት።

ቃሉን ያለቦታው የተጠቀምንበት እኛ ብቻ አይደለንም። በ1911 ዓ.ም. ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ አዲስ አበባን ያራቆታት የኅዳር በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ሪቻርድ ፋይፈር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1892 የኢንፍሉዌንዛ መነሻ ባክቴሪያ ነው ብሎ ስለ ነበር፣ በወረርሽኙ ጊዜም ብዙ ሐኪሞች ይህንኑ ያምኑ ነበር። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች መነሻው ከባክቴሪያ እጅግ የሚያንስ ቫይረስ መሆኑን ያሳዩት በ1933 ነው። ይሁን እንጂ ባክቴሪያም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። በሽታው ባደከመው ሳምባ ላይ ተከትሎ እየገባ ብዙ ሰው ጨርሷል። ፔኒሲሊን ደግሞ ገና አልተገኘም ነበር፤ ፍሌሚንግ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው።

ጨጓራን በተመለከተ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጨጓራ ቁስል ከሐሳብና ከሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ሲባል ኖሮ፣ ዋረንና ማርሻል የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ባደረጉት ምርምር አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ባክቴሪያ መሆኑን አስረዱ። በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ይህን ሁሉ መዘርዘራችን ለወግ ያህል አይደለም። አሞክሳሲሊንና የመሳሰሉት መድኃኒቶች ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድሉም። ለጉንፋን ብለን በዋጥናቸው ቁጥር በሰውነታችን ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱታል። የሳምባ ምች የመጣ ዕለት መድኃኒቱ እምቢ ይላል። የጎረቤትን ትራፊ ካፕሱል መዋጥም፣ «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ የታመመ አባል ሐኪሙን «ባክቴሪያ ነው ወይስ ቫይረስ?» ብሎ ለመጠየቅ አይፈር። በድንኳናችንም ለእጅ መታጠቢያው ውኃ ሳሙና አይለየው፤ ሳሙና ለሁለቱም ይሆናል። ዕድራችን ለመቀባበር ብቻ ሳይሆን ለመኗኗርም የቆመ ነውና።