በአሸዋ ውስጥ የተሰወረው ክፍተት

በበጋ የደረቀ ወንዝን አሸዋ ምሶ ውኃ የቀዳ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም አሸዋ ድፍን አካል አለመሆኑን ነው። በቅንጣትና በቅንጣት መካከል ባለው ክፍተት ውኃ ያድራል። ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን ውኃው ፈጥኖ ይመነጫል፤ እንደ ሸክላ አፈር እጅግ ጠባብ ሲሆን ግን ውኃውን ይዞ አይለቅም። ስለዚህ ጕድጓድ ለሚቆፍር ሰው ጥያቄው «ውኃ አለን?» ብቻ ሳይሆን «ያለው ውኃ ይወጣልን?» የሚል ጭምር ነው።

ይህን ጥያቄ በሥርዓት ከመረመሩት አንዱ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ነበር። በተወለደባት በዲዦን ከተማ አሸዋ በተሞላ ቧንቧ ውስጥ ውኃ እያሳለፈ አካሄዱን ለካ፤ ውጤቱንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስታወቀ። ከዚህ ሥራ እንደ ተረዳነው ውኃን የማሳለፍ ችሎታ ከአሸዋ አሸዋ ይለያያል፤ ልዩነቱም በአብዛኛው ከክፍተቱ ስፋት የሚመጣ ነው። ዳሩ ግን ክፍተቱን ማን አይቶ ይለካዋል? አሸዋውን ቈፍሮ ማውጣት የቅንጣቶቹን አቀማመጥ ያፈርሰዋልና፥ ለመለካት የተዘረጋው እጅ የሚለካውን ነገር ያጠፋዋል።

መፍትሔው የመጣው ውኃ ከማይፈልጉ ሰዎች ዘንድ ነው። በ1945 ዓ.ም. መጨረሻ በሃርቫርድ ኤድዋርድ ፐርሰል፥ ሄንሪ ቶሪና ሮበርት ፓውንድ በፓራፊን ሰም ላይ፥ ጥቂት ቈይቶም በስታንፎርድ ፌሊክስ ብሎክና ጓደኞቹ በውኃ ላይ ባደረጉት ፈተና ኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ የተባለውን ነገር አገኙ። ብሎክና ፐርሰል ስለዚሁ በ1952 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሃይድሮጅን ኑክሊየስ እንደ ትንሽ ማግኔት ነው፤ በማግኔት ኃይል ውስጥ ሲገባም ዘንበል እንዳለ እንዝርት ይዞራል። የሚስማማው የራዲዮ ሞገድ ሲነካው ከአቋሙ ያዘነብላል፤ ሞገዱ ሲቋረጥ ደግሞ ድምፁን እያሰማ ቀስ በቀስ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። በንጹሕ ውኃ ይህ ድምፅ ሁለት ወይም ሦስት ሰኮንድ ያህል ይቈያል። በአሸዋ ውስጥ ግን የውኃው ቅንጣት ከአሸዋው ግድግዳ ጋር በተጋጨ ቍጥር ድምፁ ይደክማል። በጠባብ ክፍተት ግጭቱ ስለሚበዛ ቶሎ ይጠፋል፤ በሰፊው ይዘገያል። ስለዚህ የጊዜው ርዝመት የክፍተቱን ስፋት ይናገራል።

የነዳጅ ዘይት ፈላጊዎች ይህን ብልሃት ከ1950ዎቹ ጀምረው በጕድጓዶቻቸው ሞከሩት። በ1979 ዓ.ም. ብራውንስታይንና ታር የተባሉ ሊቃውንት ሒሳቡን አቀኑት፤ የሚያስደንቀው ግን እነርሱ ያጠኑት አሸዋን ሳይሆን በሕያዋን ሴሎች ውስጥ ያለውን ውኃ ነበር። በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረት የኖቮሲቢርስክ ተመራማሪዎች ሽቦ በመሬት ላይ ዘርግተው፥ የምድርን የራሷን ማግኔት በመጠቀም፥ ሳይቈፍሩ የከርሰ ምድር ውኃን ድምፅ ማዳመጥ ጀመሩ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የማይሳሳት ምስክር አይደለም። ጊዜው የሚነግረን የግድግዳውን ስፋት ከውኃው መጠን ጋር አነጻጽሮ ነው እንጂ ክፍተቱን ራሱን ለክቶ አይደለም። የብረት ዝገት የለበሰ ቀይ አሸዋ ድምፁን ፈጥኖ ስለሚያጠፋው፥ ሰፊው ክፍተት ጠባብ መስሎ ይታያል። ይህን ሳያስተውል የፈረደ ሰው ውኃ የሚሰጠውን መሬት «አይረባም» ብሎ ይተወዋል፤ በዚያም የሚኖር ሕዝብ ለከንቱ ይጠማል። ስለዚህ አስተዋይ መርማሪ ከዚያው ስፍራ የተወሰደ አሸዋ በቤተ ሙከራ አስመርምሮ ስሌቱን ያርማል።

እንግዲህ አንዱ ሰም ይመረምራል፥ አንዱ ሕያው ሴል ያጠናል፤ ሁለቱም ለጕድጓድ ቈፋሪው ይሠራሉ። የትኛው ዕውቀት ለማን እንደሚጠቅም አስቀድሞ አይታወቅምና፥ ጥቅሙ ገና ያልታየውን ምርምር መናቅ አይገባም።