ከኮልፌ ካምፕ እስከ ጆሃንስበርግ ሰልፍ፦ ፊታቸውን ሸፍነው የወጡ ሰዎች ታሪክ

በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ረጅም ደቡብ አፍሪካዊ ኮልፌ ከሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ገባ። ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ይጓዝ የነበረው ይህ እንግዳ ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ። በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ኃላፊነት ሥር ተኩስ፣ የፈንጂ አጠቃቀምና ረጅም የእግር ጉዞ ተለማመዱ። ሥልጠናው ለስድስት ወር የታቀደ ቢሆንም ድርጅታቸው በአስቸኳይ ስለጠራቸው ሳይጨርሱ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1962 በአገራቸው መንገድ ላይ ተያዙ። ከዚያ በኋላ ከ27 ዓመት በላይ እስር ቤት ቆዩ።

የዛሬው ኮልፌ ቀራንዮ ይህን ታሪክ በኩራት ያነሳዋል፤ ይገባዋልም። ማንዴላ በተፈቱበት በዚያው ዓመት በጆሃንስበርግ የሆነው ነገር ግን እዚህ ብዙም አይወራም።

ቅዳሜ ኦክቶበር 13 ቀን 1990 ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎች ብራምፎንቴይን ከሚባለው ሰፈር ተነስተው በከተማዋ ጎዳና ተሰለፉ። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች፣ ቤተሰቦቻቸውና ወዳጆቻቸው ነበሩ። በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው የፕራይድ ሰልፍ የሚባለው ይህ ነው። አዘጋጆቹ ፊቱ እንዲታይ ለማይፈልግ ሰው የወረቀት ከረጢት አድለው ነበር። ከረጢቱን አጥልቀው የሄዱ ነበሩ።

ለምን ፈሩ? አንደኛው ምክንያት ሕጉ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1969 ሕጉን አጥብቆ፣ ከሁለት ሰዎች በላይ በተገኙበት ቦታ በወንዶች መካከል የሚደረግን መቀራረብ ሳይቀር ወንጀል አድርጎ ነበር። ሁለተኛውና የከበደው ምክንያት ግን ሰፈሩ ነው። ነጩም ሆነ ጥቁሩ ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያከብር፣ ልጁን በባህሉ የሚያሳድግ ወግ አጥባቂ ነበር። በፎቶ የታየ ሰው ከሥራው ሊባረር፣ ከአባቱ ቤት ሊወጣ፣ መንገድ ላይ ሊደበደብ ይችላል። አንድ ሰው ሰልፉ ላይ ለሁለት ሰዓት ይቆይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚመለሰው እዚያው ጎረቤቶቹ ዘንድ ነው።

ይህን ለመረዳት ጆሃንስበርግ መሄድ አያስፈልግም። ኮልፌ ውስጥም ሰው የሚኖረው በዕድሩ፣ በዕቁቡ፣ በማኅበሩ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ነው። ስሙ አንዴ የጎደፈ ሰው ኪራይ ቤት ማጣት ብቻ ሳይሆን የሚቀብረውም የሚያጣ መስሎ ይታየዋል።

የዚያ ሰልፍ ዋና አዘጋጅ ሳይመን ንኮሊ የሚባል የሶዌቶ ልጅ ነበር። «ፕራይድ ከምዕራብ የመጣ ነው» የሚለው ክርክር በንኮሊ ታሪክ ሲመዘን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስህተት ሆኖ ይገኛል። የሰልፉ መልክ በእርግጥ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ጁን 28 ቀን 1969 ኒውዮርክ ውስጥ ስቶንዎል የተባለ መጠጥ ቤት በፖሊስ ሲወረር ሁከት ተነሳ፤ በዓመቱ የመጀመሪያው ሰልፍ ተካሄደ። ጆሃንስበርግ ላይ ለሰልፉ መሠረት የሆነው ነገር ግን የተጣለው በአፓርታይድ ፍርድ ቤትና እስር ቤት ውስጥ ነው።

ንኮሊ የታሰረው በፆታ ዝንባሌው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 በቫል አካባቢ የጥቁሮች ሰፈሮች በቤት ኪራይ ጭማሪ ምክንያት በተነሱ ጊዜ ከሌሎች ታጋዮች ጋር ተያዘ። ዴልማስ በሚባለው ችሎት በአገር ክህደት ከተከሰሱት 22 ሰዎች አንዱ ሆነ። ክሱ እስከ ሞት ያስቀጣ ነበር። አብረውት ከተከሰሱት መካከል ፖፖ ሞሌፌና ፓትሪክ ሌኮታ ይገኙበታል።

እስር ቤት ውስጥ ንኮሊ ማንነቱን ለጓዶቹ ነገራቸው። ከፍተኛ ጭቅጭቅ ተነሳ። «ከሱ ጋር አብረን ከቆምን ትግሉን ያሰድብብናል» የሚል ስጋት ነበር፤ ክሱ ተነጥሎ ይታይ የሚሉም አልጠፉ። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ለሕዝባቸው ሲሉ አንገታቸውን ለገመድ ያቀረቡ፣ ብዙዎቹም ሃይማኖተኞች ነበሩ። ከረጅም ክርክር በኋላ ግን አልለዩትም፤ አብረውት ችሎት ቆሙ። ንኮሊ እ.ኤ.አ. በ1988 በነጻ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ጥቁሩንም ነጩንም ያቀፈ ድርጅት አቋቋመ፤ የ1990ውን ሰልፍ ያዘጋጀውም ይኸው ድርጅት ነው። ጥቁርነቱንና ይህን ማንነቱን ነጣጥሎ አንዱን ትግል ማስቀደም፣ ሌላውን ማቆየት እንደማይችል ሰልፉ ላይ ተናገረ።

የእስር ቤቱ ውሳኔ ውጤት በኋላ ታየ። አፓርታይድ ወድቆ ሕገ መንግሥት ሲረቅ ከጉዳዩ ጋር የተጋፈጡት እነዚያው የንኮሊ ጓዶች ነበሩ። ሌኮታ ከዓመታት በኋላ ሲናገር፣ እንደ ሳይመን ያሉ ሰዎች አብረውን ትከሻቸውን ሰጥተው ሳለ እንዴት አሁን ይገለሉ ልንል እንችል ነበር የሚል ሐሳብ አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ንኮሊ ራሱ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ ፕሬዚዳንት ማንዴላን አነጋገረ። ኮልፌ ላይ የነጻነት ውጊያ የተማሩት ሰው፣ ነጻነቱ ለማን ለማን ይድረስ የሚለው ጥያቄ ከፊታቸው ቀረበ። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት በፆታ ዝንባሌ ምክንያት ሰውን ማግለልን በግልጽ በመከልከል በዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ንኮሊ ኖቬምበር 30 ቀን 1998 በኤድስ ምክንያት ሞተ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም የድል ተረት ይመስል ነበር። ሕግ ግን ብቻውን ጎረቤትን አይለውጥም። ኤፕሪል 2008 የደቡብ አፍሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የነበረችው ዩዲ ሲሜላኔ በተወለደችበት በክዋቴማ ሰፈር ተደፍራና ተወግታ ተገደለች። ፍቅረኛዋ ሴት መሆኗን አትደብቅም ነበር። በዓመቱ በዚያው ሰፈር የፕራይድ ሰልፍ ተጀመረ። ክዋቴማ እንደ ኬፕታውን መሀል ከተማ ቱሪስት የሚጎርፍባት አይደለችም፤ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅባት የሠራተኞች ሰፈር ናት። እዚያ የሚሰለፍ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ፌሽታው ከሐዘን ጋር የተያያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ የፕራይድ ሰልፍ በአደባባይ ተካሂዶ አያውቅም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድርጊቱን ወንጀል ያደርገው ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ወንጀል ያደርገዋል። ሆኖም ሰልፍ በሌለበት አገር ስለ ሰልፍ የሚነሳው ቁጣ ተደጋግሟል። ኅዳር 2004 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የኤድስ ጉባኤ በከተማዋ ሲዘጋጅ የሃይማኖት መሪዎች የተቃውሞ መግለጫ ለመስጠት ተሰባስበው ነበር። ለሚያዝያ 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ታላቅ ሰልፍ ጠርተው መንግሥት አስቀረው። በ2011 ዓ.ም. አንድ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ደንበኞቹን ላሊበላ ሊያመጣ ነው ተብሎ አገር ታመሰ።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የከተማዋ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰዱን አስታውቆ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎች ስምና ፎቶ እየተለጠፈ «ምቱ፣ ግደሉ» የሚል ቅስቀሳ ተሰራጨ። ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው የኢትዮጵያውያን የመብት ድርጅት መተግበሪያው ይህን እንዲያስቆም ጠየቀ። ፎቶው የተለጠፈው ሰው ማን ነው? እውነት ይሁን ሐሰት ማን አጣራ? ቂም ያለው የቀድሞ ጓደኛ ቢሆንስ የለጠፈው?

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይምታታሉ። አንደኛው ድርጊቱ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ለዚህ የኢትዮጵያ ቤተ እምነቶች ግልጽ መልስ አላቸው፤ አማኝም በእምነቱ የመጽናት መብት አለው። ሁለተኛው ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ መደብደብና ማሳደድ ይችላል ወይ የሚለው ነው። የዚህን መልስ ለማወቅ የውጭ ሰው ምክር አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 629ም ቢሆን ፍርዱን ለዳኛ እንጂ ለመንጋ አልሰጠም።

የዴልማስ እስረኞች የተጋፈጡት ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ ስለ ኃጢአት ያላቸውን አስተሳሰብ በአንድ ሌሊት አልለወጡም ይሆናል። ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር፦ አብሯቸው የታሰረውን ሰው አሳልፈው አልሰጡም። ወግ አጥባቂ ማኅበረሰብ እምነቱን ሳይጥል ሊያደርገው የሚችለው ነገር ይህ ነው። የኛም ባህል ቢሆን ቤቱ የገባበትን፣ «ድረሱልኝ» ያለውን ሰው አሳልፎ መስጠትን ነውር ይለዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች እርስ በርስ ሲጠራሩ የሚጠቀሙበት አንድ የምስጢር ቃል አለ፤ ቃሉ «ዜጋ» ነው። ሰልፍ አይደለም፣ ባንዲራም አይደለም። ኮልፌ ከ60 ዓመት በፊት በአገሩ ዜጋ ተብሎ ለመቆጠር የሚታገል ሰው ተቀብላ አስተናግዳለች። ያ ሰው ከየትኛው እምነት እንደሆነና ከማን ጋር እንደሚኖር ሳትጠይቅ ነው በር የከፈተችለት። ዛሬ የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ነው፦ ጎረቤት ሆኖ የኖረ ሰው በስልክ በተለጠፈ ፎቶ ምክንያት በራፉ ላይ እንዳይደበደብ።