ጨዋታ ከየት ይመጣል?

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ፣ ፈተናውም ኪሳችንም አብረው ባለቁበት ሰሞን፣ አምስት ሆነን አዲስ ጨዋታ ልንፈጥር ተነሣን። ካርታው ሰልችቶናል፤ ዳማውንም ማን እንደሚያሸንፍ ሳንጀምር እናውቀዋለን። ሦስት ማታ ሙሉ ካርቶን ላይ መስመር ስናሰምር አመሸን። በአራተኛው ቀን አንድ ወዳጃችን መጥቶ አየና «ይሄማ እባብና መሰላል ነው፤ እባቡን በአውቶቡስ ተክታችሁት» ብሎን ሄደ። እውነቱን ነው። ከባዶ እንፈጥራለን ስንል የልጅነታችንን ጨዋታ ቀለም ቀብተን አመጣነው።

የታሪክ ተማሪዎች ነንና ነገሩን ወደ ታሪክ ወሰድነው። ለመሆኑ ጨዋታ ፈጠሩ የተባሉት ሰዎች ሐሳቡን ከየት አገኙት?

ከሁሉ ጥርት ብሎ የተመዘገበው የቅርጫት ኳስ ታሪክ ነው። ጊዜው ዲሴምበር 1891 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው አሜሪካን አገር፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የምትገኘው ስፕሪንግፊልድ ከተማ። ጄምስ ኔስሚት ለተባለ ካናዳዊ አስተማሪ 18 አስቸጋሪ ተማሪዎች ተሰጡት። ብርዱ ሜዳ አያስወጣም፤ የአዳራሹ ጂምናስቲክ ደግሞ ልጆቹን አንገሽግሿቸዋል። ከእሱ በፊት የነበሩት ሁለት አስተማሪዎች ተስፋ ቆርጠው ትተዋቸዋል። አለቃው ሉተር ጉሊክ አዲስ ጨዋታ እንዲፈልግ 14 ቀን ሰጠው። ኔስሚት መጀመሪያ ያደረገው እኛ ያደረግነውን ነው፤ የነበሩትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ወደ አዳራሹ አስገባ። እግር ኳሱ መስኮት ሰባሪ፣ የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ደግሞ ሰው ሰባሪ ሆነበት።

በመጨረሻ ጥያቄውን ለወጠ። ምን ልፍጠር ማለቱን ትቶ፣ ሰዎቹ ለምን ይጋጫሉ ብሎ ጠየቀ። ኳስ ይዞ የሚሮጥን ሰው ማስቆም የሚቻለው ጠልፎ በመጣል ነዋ! እንግዲያው ኳስ የያዘ አይሩጥ፤ ካልሮጠ የሚጥለው የለም። ቀጥሎ የግቡ ነገር መጣ። ግቡ ፊት ለፊት ከቆመ በኃይል የመታ ያሸንፋል፤ በጠባብ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ይሄ አደጋ ነው። እዚህ ላይ ካናዳ ውስጥ በልጅነቱ የተጫወተው ጨዋታ ትዝ አለው። ቋጥኝ ላይ ትንሽ ድንጋይ ይቀመጣል፤ አንድ ልጅ ይጠብቀዋል፤ ሌሎቹ ከሩቅ በድንጋይ መትተው ሊጥሉት ይሞክራሉ። በኃይል የወረወረ ልጅ ከሳተ ድንጋዩ ርቆ ይሄድበታል፤ ሊያመጣው ሲል በጠባቂው ይያዛል። ብልሁ ልጅ ግን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያጎነዋል። ስለዚህ ግቡ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ከራስ በላይ ይሰቀል አለ። ሣጥን ቢጠይቅ ሣጥን የለም ተብሎ ሁለት የኮክ ቅርጫት ተሰጠው። 13 ደንቦች ጻፈ፤ 9 ለ9 ሆነው ተጫወቱ፤ 1 ለ0 አለቀ። የቅርጫቱን ቂጥ መቅደድ ለጊዜው ትዝ ያለው ስላልነበረ የገባችውን ኳስ ለማውረድ መሰላል ያስፈልግ ነበር። (መሰላል ከጨዋታ የማይጠፋ ዕቃ ነው መሰለን።)

ኤልዛቤት ማጊ የምትባለዋ አሜሪካዊት ደግሞ የተነሣችው ከብሶት ነው። የሄንሪ ጆርጅ ተከታይ ነበረች፤ መሬት የያዘ ሰው ተኝቶ ሲከብር፣ ኪራይ የሚከፍለው ሲሠራ ይደኸያል ትል ነበር። ይህን በንግግር ብቻ ከማስረዳት ሰዎች በገዛ እጃቸው ተጫውተው ይዩት ብላ «የባለመሬቱን ጨዋታ» ሠራች፤ በ1904 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱ በስሟ ተመዘገበ። ጨዋታው ከቤት ወደ ቤት፣ ከተማሪ ወደ ተማሪ እየተቀዳ ሰላሳ ዓመት ያህል ዞረ። በኋላ ቻርልስ ዳሮው የሚባል ሰው «ሞኖፖሊ» ብሎ ሸጠው፤ ፓርከር ብራዘርስ ኩባንያ በ1935 እ.ኤ.አ. ገዝቶ በዳሮው ፈጣሪነት ዓለምን አዳረሰው። ማጊ ለመብቷ የተከፈላት 500 ዶላር ነው። ስሟ ከተቀበረበት የወጣው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ከኩባንያው ጋር ፍርድ ቤት ሲካሰስ ነው። የመሬት ከበርቴን እንድታጋልጥ የተሠራች ጨዋታ፣ ዛሬ ልጆች ከበርቴ መሆንን የሚለማመዱባት ሆነች።

ይህን ሁሉ ስናወራ ከመካከላችን ዝም ያለችው ልጅ «ሰንጠረዥስ?» አለች። እኛ ሰንጠረዥ ሲባል ትዝ የሚለን ቁጥር የተደረደረበት ሠንጠረዥ ነው። እሷ ግን አያቷ የሚያወሩላትን የጥንቱን ጨዋታ ማለቷ ነው፤ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ በኩል የመጣው፣ ፈርዝና ፊል የሚሉ ስሞቹን ሳይጥል እኛ ዘንድ የከረመው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት ማየቱን ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩንና ደንቡን ሰብስቦ አሳትሟል። ገበታው ሌላው ዓለም ካለው ብዙም አይለይም፤ አጀማመሩ ግን ለብቻው ነው። ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም! ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ዓይን ግን ከባላጋራ እጅ አይነቀልም፤ እሱ ሲያሰልፍ አይተህ የራስህን ሰልፍ ታፈርሳለህ። ከሌላ ሰው የመጣ ጨዋታ ላይ አንዲት ደንብ ቢያነሡ ጦርነቱ ሌላ ጦርነት ሆነ።

በዚያው ማታ የዳማውን ቆርኪ አወጣንና ወረራን ዳማ ላይ ሞከርነው። ጩኸታችን ዘበኛውን አስመጣ። በሳምንቱ ግማሹ ዶርም በዚህ ደንብ ይጫወት ነበር፤ እኛም «የፈጠርነው ጨዋታ» እያልን በየክፍሉ እየዞርን አስተማርን። የሷን ስም አንዳችንም አላነሣንም። «እኛ» የምትለዋ ቃል እንዴት እንደምትመች! ይህን ጽሑፍ ስንጀምር፣ የማጊን ታሪክ ለሁለተኛ ጊዜ ስናነብ ነው የደነገጥነው።

ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት፤ ስምሽን ገበታው ላይ እንጽፍ አልናት። ሳቀች። «ስሜን ተዉትና» አለች፣ «ሁለት ሰው ባንድ ቅጽበት ቢበላላስ ማን ነው የቀደመው? እሱን መጀመሪያ ወስኑ።»

እስካሁን እየተከራከርንበት ነው።