ግቆም

ግቆም በደቡብ አፍሪካዋ የወደብ ከተማ በደርባን ዙሪያ ባሉ የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሮች በ2010 አካባቢ የተፈጠረ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መለያው ከባድና የተሰባበረ የከበሮ ምት፣ እጅግ የሳሳ ዜማ እና ጨለም ያለ ስሜት ነው። የመጀመሪያዎቹ አቀናባሪዎች አብዛኞቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩ ወጣቶች ሲሆኑ ስቱዲዮም፣ አሳታሚም፣ ሥራቸውን የሚያጫውት ሬዲዮም አልነበራቸውም። ሙዚቃው ለሰው ጆሮ የደረሰው በሚኒባስ ታክሲ፣ በነፃ ፋይል መጫኛ ገጾችና በዋትስአፕ ነው። ስለዚህ የግቆም ታሪክ ከገበያው ውጭ የሚሠራ የዳንስ ሙዚቃ እንዴት እንደሚወለድ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያገኘው፣ ያቀናበረው ሰው ስምም እንዴት እንደሚታወቅ ወይም በመንገድ ላይ እንደሚቀር ያሳያል።

ስያሜ

ቃሉ የዙሉ ነው። የሚጀምረው ምላስ ከላንቃ ስትላቀቅ በምታሰማው ጠቅታ ነው፤ ለዚህ ድምፅ በአማርኛ ፊደል ስለሌለ እዚህ የተጻፈው በቀረበው ነው። ትርጉሙም ከድምፁ አይርቅም፤ በአማርኛ ‹ድው› ወይም ‹ጓ› እንደሚባለው፣ ከበሮ ሲመታ ወይም ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ የሚሰማውን የሚያስመስል ቃል ነው።

መነሻ

ግቆም ለምን በደርባን፣ ለምንስ በታክሲ እንዳደገ ለመረዳት ከሙዚቃው በፊት የከተማውን አሰፋፈር ማየት ያስፈልጋል። የአፓርታይድ መንግሥት በ1950 ባወጣው የመኖሪያ አካባቢዎች ሕግ ሰዎች በዘር ተለይተው እንዲሰፍሩ ተደረገ። በደርባንም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኬቶ ማነር ነዋሪዎች ቤታቸው እየፈረሰ ከመሀል ከተማ ርቀው ወደ ተሠሩት ኩዋማሹና ኡምላዚ ተወሰዱ። ሥራው፣ ገበያውና ወደቡ ግን ባሉበት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ኑሮ በየቀኑ ረጅም መንገድ መሄድና መመለስ ሆነ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የታክሲ ፈቃድ አሰጣጥ ሲላላ ሚኒባሶች በረከቱ፤ ዛሬም በደቡብ አፍሪካ በሕዝብ መጓጓዣ ከሚጠቀመው ሰው አብዛኛው የሚሄደው በእነሱ ነው። ሰውን ከከተማ ለማራቅ የተነደፈው አሰፋፈር በየቀኑ ብዙ ሺህ ጆሮ የሚሰበሰብበትን ክፍልም ሳያስበው ሠራ።

በሙዚቃው በኩል ቅርብ ዘመዱ ክዌይቶ ነው። ክዌይቶ አፓርታይድ ባበቃበት በ1990ዎቹ የሃውስ ሙዚቃን ምት አዝግሞ፣ በሰፈር ቋንቋ እየተዘፈነና እየተጮኸበት ያደገ ስልት ነው። ደርባን በ2000ዎቹ የራሷ የክዌይቶና የሃውስ ሰዎች ነበሯት፤ ከእነሱም ዲጄ ቲራና ቢግ ኑዝ የተባለው ቡድን በመላ አገሪቱ ታወቁ። ከእነሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ከዚህ ድምፅ ዘፈኑን ቀነሰ፣ ማሳመሪያውን ቀነሰ፣ ቀጥሎም የሃውስን የጀርባ አጥንት ራሱን ሰበረው። ግቆምን ማን ፈጠረው በሚለው ላይ ዛሬም ክርክር አለ። በቀዳሚነት ከሚነሡት መካከል ኔክድ ቦይዝ፣ ሩድቦይዝ፣ ግሪፊት ቪጎ፣ ሲቲዝን ቦይና የክለርሞንት ሰፈር ልጅ የሆነው ዲጄ ላግ ይገኙበታል። ላግ ራሱ በራፕ ቢት የጀመረ ሲሆን ወደ አዲሱ ድምፅ የሳበው የኔክድ ቦይዝ ሥራ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዱ አቀናባሪ ሌላውን የሰማው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነበር።

የድምፁ አሠራር

በሃውስ ሙዚቃ ትልቁ ከበሮ በአራት ምት ውስጥ አራት ጊዜ እኩል ይወርዳል፤ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ቀጥሎ የት እንደሚመታ ይገምታል። ግቆም ይህን እርግጠኝነት ይነሣል። ከበሮው በተጠበቀበት ቦታ ዝም ብሎ ባልተጠበቀበት ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜ በሦስት በሦስት እየተቧደነ ስለሚሄድ ሰውነት የጎደለውን ምት ራሱ ለመሙላት ይወዛወዛል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት አካባቢ ነው። የቤዝ ዜማ በአብዛኛው የለም፤ ከበሮው ራሱ ቤዝ ይሆናል። ከላይ እንደ ጉም የሚንሳፈፍ አንድ ረጅም የሲንተሳይዘር ድምፅ፣ ተቆርጦ የሚደጋገም ጩኸት ወይም አንዲት ቃል ይጨመራል። ከዚህ በላይ ብዙ ነገር አይገባበትም፤ የግቆም አቀናባሪ ችሎታ የሚለካው በተወው ነገርም ጭምር ነው።

አብዛኛው ሥራ የተሠራው በሰፊው ፍሩቲ ሉፕስ በሚባለው ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ነው። ፕሮግራሙ በተራ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተከፈተው ቅጂም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። አቀናባሪዎቹ የከበሮ ድምፆችን እየተካፈሉ፣ በመኝታ ክፍላቸው እየሠሩ እርስ በርስ ተማማሩ።

በስልቱ ውስጥም ዓይነቶች አሉ። ስጉቡ የሚባለው የሃውስን እኩል ምት ይዞ የግቆምን ጨለማ ድምፅ ያለብሰዋል። ታክሲ ኪክ የሚባለው ደግሞ ስሙ እንደሚለው የታክሲን ድምፅ ማጉያ አስቦ የተሠራ፣ ከበሮው ይበልጥ የከበደ ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው አድማጭ

በደርባን ሚኒባስ ታክሲዎች ተሳፋሪ ለማግኘት በሙዚቃ ይፎካከራሉ። ሾፌሮች ከመቀመጫው ሥር ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ያስገጥማሉ፤ በተለይ ወጣቶችና ተማሪዎች የሚሳፈሩትን ታክሲ የሚመርጡት በሚያጫውተው ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ሌላ ታክሲ ላይ ያልተሰማ ሙዚቃ ይፈልጋል፤ አቀናባሪው ደግሞ የሚሰማው ሰው ይፈልጋል። ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ ፍላሽ ይገናኛሉ። ሌሊት የተሠራ ትራክ ጠዋት ለሾፌር ተሰጥቶ በዚያው ቀን ከሰፈር ወደ መሀል ከተማ ሲመላለስ ይውላል። ተሳፋሪው ቢወደው ‹ይህ የማን ነው?› ብሎ ይጠይቃል፤ ባይወደው ሾፌሩ ይቀይረዋል። ሬዲዮና ጋዜጣ ፊት ላልሰጡት ሙዚቃ ይህ ፈጣንና ሐቀኛ ዳኛ ነበር። ይህን ሂደት በ2016 የወጣው፣ ክሩዶ ቮልታ የተባለው ቡድን የሠራው ዘጋቢ ፊልም ‹ዎዛ ታክሲ› በቦታው ተገኝቶ ቀርጾታል፤ ‹ዎዛ› በዙሉ ‹ና› ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ስልክ ነበር። አቀናባሪዎች ሥራቸውን ካሲኤምፒስሪና ዴታፋይልሆስት በተባሉት ነፃ የፋይል ገጾች ላይ ጭነው አገናኙን በዋትስአፕ ቡድኖች ይበትኑታል። ብዙዎቹ ፋይሎች ያላለቁና በጥራት ያልተስተካከሉ ነበሩ፤ ሽፋን፣ የወጡበት ቀን፣ አንዳንዴም ትክክለኛ የአቀናባሪ ስም አልነበራቸውም። ሦስተኛው ጭፈራ ነው። ‹ቤንጋ› የሚባለው አጨፋፈር ከግቆም ጋር አብሮ አደገ፤ አንድ ትራክ የሚታወሰውም በስሙ ብቻ ሳይሆን በእንቅስቃሴው ነበር።

የንግድ ሬዲዮዎች መጀመሪያ ላይ ግቆምን አላቀረቡትም። ድምፁ ሻካራ መሆኑ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ስሙ በምሽት ጭፈራዎች ከሚወሰዱ አደንዛዥ ዕጾች ጋር መነሣቱ ሌላው ነው።

ከደርባን ውጭ

የውጭ ጆሮ ወደ ግቆም የደረሰው በነዚያው ነፃ ፋይሎች ነው። በአውሮፓ የነበሩ ጥቂት ዲጄዎች የደርባንን ገጾች እየበረበሩ ያገኙትን ማጫወት ጀመሩ፤ የሃይፐርደብ አሳታሚ መሥራች ኮድ ናይን ከቀደሙት አንዱ ነው። የለንደኑ ጉን ክለብ ኦልስታርስ በ2015 የሩድቦይዝን፣ በ2016 የዲጄ ላግን ሥራዎች አሳተመ። በሮም ይኖር የነበረው ናን ኮሌ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ሌራቶ ፒሪ ጋር ‹ግቆም ኦ!› የተባለውን አሳታሚ መሠረተ፤ በ2016 መጀመሪያም የደርባንን አቀናባሪዎች በአንድ ያሰባሰበ አልበም አወጣ። የእነዚህ አሳታሚዎች ትልቁ ሥራ ስም አልባ ሆነው ይዞሩ የነበሩ ፋይሎችን ባለቤት ማፈላለግ፣ ውል መፈራረምና በትክክለኛ ስም ማውጣት ነበር።

በኋላም ከአህጉሩ ውስጥ ሌላ በር ተከፈተ። የካምፓላው ንዬጌ ንዬጌ ቴፕስ በ2020 ፌሊሙንካሲ የተባለውን የኡምላዚ የሦስት ድምፃውያን ቡድን የ2013–2019 ሥራዎች አሳተመ። በዚያው ዓመት እህት አሳታሚው ሃኩና ኩላላ የደርባኑን አቀናባሪ የሜንዚን ‹ኢምፓዛሞ› አወጣ። የደርባን ሙዚቃ ለዓለም ለመታየት የግድ በለንደን በኩል ማለፍ እንደሌለበት ይህ ማረጋገጫ ሆነ።

በአገር ውስጥ ግቆምን ከሰፈር ወደ አደባባይ ያወጣው በ2016 የወጣው ‹ዎሎሎ› ነው፤ የዘፈነችው ቤብስ ዎዱሞ ስትሆን አብሯት ድምፃዊው ማምፒንትሻ አለ፣ ቅንብሩም ዲስትራክሽን ቦይዝ የተባሉት ጥንድ አቀናባሪዎች ነው። በ2017 ዲስትራክሽን ቦይዝ ራሳቸው ‹ኦሙንዬ›ን አወጡ፤ በዚያው ዓመት አልበማቸው ግቆም መጪው ዘመን መሆኑን በርዕሱ አወጀ። ቤብስ ዎዱሞ በ2018 በ‹ብላክ ፓንተር› ፊልም አልበም ላይ ተሰማች። በ2019 ደግሞ ቢዮንሴ ባሳተመችው የ‹ላየን ኪንግ› አልበም ውስጥ ‹ማይ ፓወር› የተባለው ሥራ ዲጄ ላግን ከደቡብ አፍሪካውያኑ ድምፃውያን ከቡሲስዋና ከሙንቻይልድ ሳኔሊ ጋር አሰባሰበ።

የስም ጉዳይ

ያለ ስም በፍጥነት የሚዞር ፋይል ለሙዚቃው ክንፍ፣ ለሠሪው ግን አደጋ ነው። በጣም የታወቀው ምሳሌ የዲጄ ላግ ‹አይስ ድሮፕ› ነው። በ2021 የአሜሪካዊቷ ዲጄ ሜጋን ራይት ‹ከልቸር› የተባለ ዘፈን በአሜሪካዊው ሙዚቀኛ በዊል አይ አም አቀናባሪነት ሲቀርብ፣ ሙዚቃው የ‹አይስ ድሮፕ› መሆኑን የደርባን አድማጮች ወዲያው አወቁ። ዊል አይ አም ስህተት መሆኑን አምኖ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ነገር ባለቤትነቱን ማን እንዳስከበረ ነው፤ ትራኩን ከዓመታት በፊት የሚያውቁ፣ ሠሪውንም በስም የሚጠሩ ሰዎች ባይኖሩ ማስረጃው ደካማ ይሆን ነበር።

ግቆምን ‹አገኘነው› የሚል አነጋገር በውጭ ጽሑፎች ይዘወተራል። ለንደንና ሮም ያደረጉት አስተዋጽኦ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ትራኮቹ እዚያ ሲደርሱ በኩዋማሹ መስመር ተሳፋሪ መርምሯቸው፣ ወዷቸውና ጨፍሮባቸው ነበር። ግኝቱ የተጀመረው ለመንገዱ ሒሳብ ከፍሎ ከማጉያው አጠገብ በተቀመጠው ሰው ነው።

ዛሬ

ከ2019 ገደማ ጀምሮ ጆሃንስበርግ ባለችበት በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ያደገው፣ ለስለስ ያለውና ፒያኖ የሚበዛበት አማፒያኖ የደቡብ አፍሪካን ገበያ ያዘ። ግቆም ከሬዲዮ ቢቀንስም አልከሰመም፤ የከበሮ አመታቱ ወደ አማፒያኖ ውስጥ ገባ፣ የአማፒያኖም ድምፅ ወደ ግቆም ተመለሰ። ዲጄ ላግ በ2022 ‹ሚቲንግ ዊዝ ዘ ኪንግ› የተባለውን አልበሙን አውጥቶ ሁለቱን ስልቶች አቀራርቧል።

የአዳዲስ አቀናባሪዎች መገኛም ተቀይሯል። ነፃ የፋይል ገጾቹ ቦታቸውን ለሳውንድክላውድ፣ ለባንድካምፕና ለዩቲዩብ እየለቀቁ ነው። እነዚህ ስምን ከሥራው ጋር ማያያዝ ያቀልላሉ፤ ባንድካምፕ ደግሞ አድማጭ በቀጥታ ለአቀናባሪው እንዲከፍል ያስችላል። በአንጻሩ ማሽን ለእያንዳንዱ አድማጭ በራሱ የሚመርጠው የዘፈን ዝርዝር ብዙ የተሰማውን ይበልጥ ያሰማል፤ ገና ያልተሰማ ወጣት በዚያ በኩል ቶሎ አይገኝም። ከውጭ ሆኖ አዲስ የግቆም ሥራ ለሚፈልግ ሰው የሚያዋጣው መንገድ የደርባን ልጆች ራሳቸው የሚጠቀሙበት ነው። አንድ የሚወዱትን አቀናባሪ ይዞ አብረውት የሠሩትን መከተል፤ አንድ አነስተኛ አሳታሚ ሌላ ምን እንዳወጣ ማየት፤ የደርባን ዲጄዎች በቅይጣቸው ውስጥ የሚያስገቧቸውን ያልታወቁ ትራኮች ርዕስ ማፈላለግ፤ ሲገኙም ገዝቶ፣ ለሌላ ሰው ሲያሰሙ ከሠሪው ስም ጋር ማሰማት። ተሳፋሪው በታክሲው ውስጥ የሚያነሣው ‹ይህ የማን ነው?› የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ፣ በመኝታ ክፍሉ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው ልጅ ለሥራው ዋጋ የሚቀበልበት ስም ይኖረዋል።