ሕፃኑ ቂርቆስና የተሰደደች እናቱ

ቅድስት ኢየሉጣ በዲዮቅልጥያኖስ የመከራ ዘመን የሦስት ዓመት ልጅዋን ቂርቆስን ይዛ፥ ቤትዋን ትታ ተሰደደች። በተሰደደችበትም አገር ተይዛ፥ ወደ ፈላው ውሃ ሊጥሉአት ሲሉ ፈራች። ሕፃኑ ግን ጸልዮ አጸናት፤ ቅዱስ ገብርኤልም የፈላውን ውሃ አቀዘቀዘው። ሐምሌ 19 ቀን የምናከብረው ይህንን ነው።

በዚህ ሕፃን ስም በሚጠራው ክፍለ ከተማ ካዛንቺስ ይገኛል። የሰፈሩ ስም ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራ በቈየችበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞችዋ ካሠራቻቸው ቤቶች የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ብዙ ሰው ወደ ሩቅ ተዛወረ፤ አረጋውያንም የለመዱትን ደወል አጡ።

ወገኖቼ ሆይ፥ ኢየሉጣ ቤትዋን ተወች እንጂ ሃይማኖትዋን አልተወችም። በአዲሱ ሰፈራችሁ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ገስግሱ፤ እናት በፈራች ጊዜ ሕፃን ያጸናታልና። እኛም ካህናቱ የሄዱትን ልጆቻችንን እንፈልግ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።