የባሕር በር ስንል ባሕሩ የት ሄደ?

«የባሕር በር» ሁለት ቃል ነው። ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ እስከ መርካቶ ድረስ ባሉት ሻይ ቤቶች ወሬው ሲነሳ ግን የሚሰማው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ በሩ። ስንት ኮንቴይነር ያስገባል? ለወደብ በዓመት ስንት እንከፍላለን? ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ የታክሲ ረዳቱም ይነግራችኋል። ስለ ባሕሩ ግን፣ ማለትም ስለ ውሃው፣ ስለ አሸዋው፣ ሱሪን እስከ ጉልበት ጠቅልሎ ዳር ዳሩን ስለ መንሸራሸር፣ ትንፍሽ የሚል የለም። ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ስለዚሁ ነው።

አንድ የግሪክ ደሴት ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከቤት ይወጣል። በዳርቻው ይራመዳል፣ ይዋኛል፣ ዓሣውን በልቶ ማታ ይመለሳል። ይህን ታሪክ ብሎ የሚጽፈው የለም፤ ተራ ቀን ነውና። የአዲስ አበባ ቤተሰብስ እንዲህ ያለ ቀን ነበረው? ለጥቂቶች ነበራቸው። እንዴት እንደመጣና እንዴት እንደሄደ ነው ታሪኩ።

ነገሩን ከከተማችን ልደት እንጀምር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ከፍል ውሃው አጠገብ፣ ኦሮሞዎቹ ፊንፊኔ ከሚሉት ቦታ፣ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱ ተከተሉ፣ ከተማው ተከተለ። አዲስ አበባ በገላ መታጠቢያ ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት ብንል ብዙም አላጋነንም። ከተክለ ሃይማኖት ተነስተን በእግራችን የምንደርስበት ፍልውሃ የዚያ ማስታወሻ ነው።

ሆኖም መታጠብ ሌላ፣ መዋኘት ሌላ። ለደገኛ ውሃ ወይ ጠበል ነው፣ ወይ መድኃኒት ነው፣ ወይ «እያሳሳቀ የሚወስድ» ጠላት ነው። መጫወቻ ሆኖ አያውቅም። ባሕር የሚለው ቃል እንኳ ሐይቁንም ውቅያኖሱንም ይጠራል፤ ባሕር ዳር የተባለችው ከተማ ያለችው በጣና ዳር ነው። ጨዋማውን ባሕር በዓይኑ ያየ ደገኛ ጥቂት ነበር።

ይህ በመጠኑ የተለወጠው በንጉሡ ዘመን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአሥመራ በኩል ነበር። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። በዚያው አሥር ዓመት ባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ ዋና ሰፈሩም ምጽዋ ሆነ። መርከበኛው፣ መምህሩ፣ የባንክና የቴሌ ሠራተኛው ወደዚያ መመደብ ጀመረ። ቤተሰብም ተከተለ፤ ዘመድም ሊጠይቅ ሄደ። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል አሥመራ ለመድረስ መንገዱ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአሥመራ ምጽዋ ግን 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ሰው ከ2300 ሜትር ከፍታ ባሕሩ ጠለል ድረስ ይወርዳል። ጣሊያኖች የሠሩት ባቡርም በ1960ዎቹ መጨረሻ በጦርነቱ ምክንያት እስኪቆም ድረስ ያንኑ ቁልቁለት ይወርድ ነበር። ካባውን ለብሶ የተሳፈረ ሰው በሸሚዝ ይወርዳል ማለት ነው።

ምጽዋ ከዓለም ሞቃት ከተሞች አንዷ ስለሆነች ቀኑ የሚያዘው በፀሐይ ነው። ለጉብኝት የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ዋና በማለዳ ነው፤ ከከተማው በስተሰሜን በሚገኘው ጉርጉሱም አሸዋው ሳይግል። ቀይ ባሕር ከዓለም ባሕሮች እጅግ ጨዋማ ከሚባሉት ስለሆነ መዋኘት የማያውቀውንም ሰው ትንሽ ይሸከመዋል፤ ለደገኛ ይህ እንደ ተአምር ነበር። ቀትር ላይ ሁሉም ወደ ጥላ ይገባል። ማታ ደግሞ የእግር ጉዞ ነው። ከየብስ ወደ ጥዋለት ደሴት፣ ከጥዋለት ወደ አሮጌው ከተማ በባሕሩ ላይ የተሠራውን መንገድ ይዞ ነፋሱን እየተቀበሉ መሄድ። ጉዞው የሚያልቀው በምድጃ በተጠበሰ የየመን ዓሣ ነው። በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ንጉሡ ይገኛሉ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ይሰለፋሉ። በሰፈራችን አሮጌ አልበሞች ውስጥ ያሉት፣ ውሃ እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ካሜራውን በኩራት የሚያዩ ሰዎች የዚያ ዘመን ናቸው።

ይህ ትዝታ ጣፋጭ ነው። ግን ግማሽ ነው። አዲስ አበቤው በጉርጉሱም ሲዋኝ ኤርትራ ውስጥ ጦርነት ነበር። የትጥቅ ትግሉ የተጀመረው በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ፌዴሬሽኑ ደግሞ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ለእኛ ሽርሽር የነበረው ዳርቻ ለባለቤቱ ያልተጠየቀበት ቤት ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ፤ ከዚያም የደርግ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። በጥዋለት የሚገኘው የንጉሡ ቤተ መንግሥት ዛሬም ጉልላቱ ተቦርቡሮ ይታያል። በግንቦት 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃነቷን አወጀች። ስለ በሩ ብዙ ተጻፈ። ስለ ባሕሩ አንድም ሰው ደህና ሁን ያለው አይመስለንም።

ቤተሰቡስ? ቤተሰቡ ወደ ደቡብ ዞረ። ሶደሬና ላንጋኖ ባሕሩ ሳይሄድም ነበሩ፤ አሁን ግን ብቸኛ ሆኑ። ሶደሬ፣ ከናዝሬት አለፍ ብሎ በአዋሽ ዳር፣ ፍል ውሃው፣ ገንዳውና ምሳ ቀማኛው ጦጣ። ላንጋኖ፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቢልሃርዚያ የለበትም እየተባለ የሚዋኝበት ቡናማ ሐይቅ። አውቶቡስ በጋራ ይከራዩና ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳሉ። ዶሮ ወጡ በሳህን ተሸፍኖ፣ እንጀራው በመሶብ ታስሮ፣ ከበሮው ከኋላ ወንበር ላይ። ሲደርሱ ወንዶች ልጆች ይዘላሉ፣ እናቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን ይነክራሉ። የሐይቁ ዳር የእግር ጉዞ ማታ ሳይመሽ ያልቃል፤ ሹፌሩ ጡሩምባ ይነፋልና።

ቆንጆ ቀን ነው፤ ግን በዓመት አንድ ቀን ነው። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ዋና አያስተምርም። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሮቤል ኪሮስ በሪዮ ኦሊምፒክ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 መቶኛ ሰከንድ ጨርሶ የመጨረሻው ሲሆን ዓለም ሳቀ፣ እኛም አብረን ሳቅን። እንዴት ተመረጠ የሚለው ክርክር ይቆየን። ግን ከሳቂዎቹ መካከል ስንቶቻችን ነን 100 ሜትር ዋኝተን የምንወጣው? ነገሩ ሳቅ የማይሆነው ክረምት ሲገባ ነው። የድንጋይ ካባ ጉድጓዶችና ወንዞች ሲሞሉ ለመዋኘት የገቡ ልጆች አስከሬናቸው ይወጣል። የእሳትና አደጋ ሠራተኞች በየክረምቱ ያስጠነቅቃሉ። ልጅ ግን ውሃ ካየ ይገባል። ገንዳ ያለው በሆቴል ግቢ ነው፤ መግቢያው የቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ ነው። በሰፈራችን አቅራቢያ የሚያልፉት ወንዞችም በዳራቸው ቢኬድ እንጂ እግር የሚነከርባቸው አይደሉም።

በ2010 ዓ.ም. ሰላም ወርዶ ሐምሌ 11 ቀን የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ አሥመራ ሲበር፣ ተሳፋሪዎቹ ሲያለቅሱ ያየን ሁሉ ለአፍታ ያችን ቀን አሰብናት፦ ቅዳሜ አሥመራ፣ እሑድ ምጽዋ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የየብስ ድንበሩም ተከፈተ። በወራት ውስጥ መልሶ ተዘጋ። በረራውም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ተቋረጠ። አሁን ደግሞ የበሩ ወሬ ሞቋል። ወሬው ሲሞቅ የሚያስፈራን ነገር ቢኖር ባሕሩን በጦር ሜዳ ካርታ ብቻ የሚያውቅ ትውልድ መሆናችን ነው። ባሕርን ዋኝቶበት፣ ዳሩን ተራምዶ፣ የባለቤቱን ዓሣ ከፍሎ በልቶ የሚያውቅ ሰው ስለሱ የሚያወራው በሌላ ድምፅ ነው።

ምጽዋን እንደ እንግዳ፣ በፓስፖርትና በትኬት፣ ማየት ያምረናል። እስከዚያው ድረስ ግን አንድ የሚቻል ነገር አለ። ከፍል ውሃ ዳር የተወለደች ከተማ ለልጆቿ በየክፍለ ከተማው በሳንቲም የሚገባበት አንድ ገንዳ መቆፈር አያቅታትም። ወደብ ይቆይ፤ ዋና ግን ለሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል።